ለደብተሬ ብቻ የነገርኩት

ሰኞ፣ ኖቬምበር 3፣ ጠዋት
ካልሲ ሦስት ጊዜ ተቀየረ። ስፌቱ ጣቷን ይነካታል። አራተኛውን ገልብጬ አጠለቅኩላት፤ ተስማማት። ልጄ ቤዛ ስምንት ዓመቷ ነው። አውቶቡስ አመለጠን፣ የምንኖርበት ከተማ፣ የዲቤንዶርፍ፣ አውቶቡስ ሰው አይጠብቅም። በእግር ሄድን፣ ዘገየን፣ ይቅርታ ጠየቅኩ። ይቅርታ የምለውን ያህል ጸሎት ባደርስ ጻድቅ ነበርኩ።

ያው ሰኞ፣ ከሰዓት
ከት/ቤት ደብዳቤ። ሐኪሙ ኦቲዝም ነው ካለ ዓመት አልፎታል፤ ክፍል ውስጥ ረዳት ይመደብላት ብዬ ነበር። መልሱ፦ አያስፈልግም። አባትየው በሞላው ቅጽ መሠረት ቤት ውስጥ ምንም ችግር የለባትም። ስለዚህ ችግሩ የቋንቋና የአስተዳደግ ነው፤ ከክፍሏ ወጥታ ጀርመንኛ ከሚጀምሩት ጋር ትቀመጥ። እዚሁ የተወለደች ልጅ! የመጨረሻው ስብሰባ የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ነው።

አባትየው እኔ ነኝ። ትጮኻለች? አትጮኽም። ራሷን ትመታለች? በጭራሽ። ሃያ ጥያቄ፣ ሃያ ውሸት። ልጄን ለባዕድ ላማት? እኛ ያደግነው እንዴት ናችሁ ሲባል ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን እያልን ነው። ገመና ከጓዳ አይወጣም። ይኸው፣ ጓዳዬን ስሸፍን ልጄን አጋለጥኳት።

ሐሙስ 6
የቤዛ እናት ኤልሳ ከጄኔቭ ደወለች። የምትሠራበት ሆቴል ቅዳሜም እረፍት አልሰጣትም፤ ልጇን ካየች ሦስት ሳምንት ሊሞላ ነው። እውነቱን ልንገራቸው አልኳት። አይሆንም አለች። ማሳደግ አልቻሉም ብለው ይወስዱብናል። አባት ጥቁር፣ እናት ሌላ ከተማ፣ ሌላ ምን ሰበብ ይፈልጋሉ?

ፍርሃቷ ከሜዳ አልመጣም። ባለፈው ባቡር ጣቢያ ቤዛ መሬት ተንከባልላ ስትጮኽ ጥብቅ አድርጌ አቀፍኳት፤ የሚያረጋጋት እሱ ብቻ ነው። አንዲት ሴትዮ ፖሊስ ጠራች። የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀቴን አዩ። ቤዛን፣ ይህን ሰውዬ ታውቂዋለሽ ወይ አሏት። እኔ ፈገግ አልኩ። ጥቁር አባት ቢቆጣ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ። ጉንጬ እስኪያመኝ ፈገግ አልኩ።

እሑድ 9
የሐበሻ ቸርች። ድምፅ ማጉያው ሲጀምር ጆሮዋን ይዛ ወንበር ሥር ገባች። ፓስተሩ ደግ ሰው ነው። ጾም ጸሎት እንያዝላት፣ ይለቃታል አለኝ። የያዛት ነገር የለም፣ ቤዛ እንዲህ ናት ማለት ነበረብኝ። አሜን አልኩ።

ውጭ፣ ብስክሌት ማቆሚያው ጋ፣ ሁለታችን ብቻ። ብስክሌቶቹን በየቀለማቸው ቆጠረች። ከውስጥ ዝማሬው ይሰማል። የገዛ ወገኖቼ በር ላይ ቆሜ ብቻዬን ነበርኩ። አለቀስኩ፤ እሷ መቁጠሯን ቀጠለች።

ለመምህሯ ደህና፣ ለፖሊሱ ደህና፣ ለፓስተሩ አሜን። እውነቱን የማወራው ላንተ ብቻ ነው፣ ደብተር።

ረቡዕ 12
የድሮ ገጾችህን ሳገላብጥ ዋልኩ። ሁሉም አለ። መቼ ጮኸች፣ ስንት ደቂቃ፣ ምን ቀሰቀሰባት፣ ምን አበረደላት። ብሶቴን የምጽፍ ነበር የመሰለኝ። ቅጹ የጠየቀኝ ሁሉ እዚህ ተጽፏል፣ በቀን በቀኑ። ደስታዋም አለ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄን ስባ «ባባ፣ ኮም! ሽኔ!»፣ ባባ ና፣ በረዶ፣ ብላ በጀርመንኛ ያሳየችኝ ቀን።

እኔ የጮኽኩባት ቀንም አለ። ገጹን ልቀደው ያዝኩት።

ለኤልሳ ደውዬ ጥቂት አነበብኩላት፤ ያን ገጽ ልቀደው እንደሆነም ነገርኳት። አለቀሰች። ይሁን ንገራቸው፣ ግን ምንም እንዳትቀድ፣ የቀደድክ እንደሆነ ቀሪውንም አያምኑህም አለችኝ።

አልቀደድኩም። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ስብሰባው ላይ አብረን እንገባለን፣ አንተና እኔ፣ ደብተር። ጀርመንኛዬ እስከቻለ እየተረጎምኩ አነባለሁ። ፈገግ አልልም። እንዴት ናት ሲሉኝ ከመጀመሪያው ገጽ እጀምራለሁ።