በክራንች የፈሰሰ ደም

ልጄ፣ በሄድክበት ሁሉ መሬቱ ይደላደልልህ። ቁጭ ብለህ አንብብ፤ በሰፈራችን ደም ፈሷል።

"ደረጃ ላይ ወድቄ ሳቁብኝ፤ ትምህርቱን ልተወው ነው" ያልከውን ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊው ብነግረው፣ "ድሮስ ባንድ እግሩ ዩኒቨርሲቲ ምን ወሰደው?" አይለኝም መሰለህ? በልጅነት ክራንችህ ትከሻውን አቀመስኩት። መቀሱን ሲያነሳ የስፌት ማሽኑን ገለበጥኩበት። ሰው ባይገላግለን ተላልቀን ነበር።

በማግስቱ አንገቱን ደፍቶ መጣና "ክራንቹ ብብቱን እንዳይልጠው" ብሎ የሰፋልህን ትንሽ ትራስ ሰጠኝ፤ ይኸው ልኬልሃለሁ። ትንሽ ሆነህ ስትወድቅ "መሬቱን መታሁት" ነበር የምትለኝ። እባክህ ያንኑ ደረጃ ነገም ውጣልኝ። የሳቁብህን ለኔ ተዋቸው፤ ስመጣ ክራንቹን ይዤ ነው።

አምላክ ቀጥ አድርጎ ያቁምህ። ደሙ እንኳ ለትንኝ እራት አይበቃም፤ ማሽኑን ስገለብጥ መርፌው የገዛ ጣቴን ወግቶኝ ነው።