አንዴ እምቢ ብል

ሲልቨር ስፕሪንግ፥ እሑድ ሰኔ 8 ቀን 2006 ዓ.ም.። ዶፍ ጥሎ አባርቷል። ጎረቤቴ ውባንቺ አብራኝ አለች።

ልጄ ዕድላዊት፥ እመቤቴ በሄድሽበት ሁሉ ጥላ ከለላ ትሁንሽ። እኔ ደህና ነኝ። ወንድምሽ ቤት ተከራየ።

በነሐሴ ከባልሽ ጋር ስለምታርፉበት የደቡብ ስፔን ተራራ ለውባንቺ ነገርኳት። አማትሽም አብራችሁ እንደምትሄድ ነገርኳት።

«አንቺንስ አልጠሩሽም?» አለችኝ።

«ጠርተውኝ እምቢ አልኩ።»

«ስንቴ?»

«አንዴ።»

«አንዴማ እምቢታ አይደለም» ብላ ሳቀችብኝ።

እውነቷን ነው። ፍልሰታ ነው፥ ሥራም አለኝ ያልኩሽ እንድትለምኚኝ ነበር። አንቺ ግን «እሺ እማዬ» ብለሽ አልጋዬን ለአማትሽ ሰጠሽ። በምታርፉበት ቤት በረንዳ ላይ ከልጄ ጎን ተቀምጣ ተራራ የምታይ ሌላ እናት ሳስብ ይከፋኛል። ደግ ሴት መሆኗን አውቃለሁ፤ የባሰብኝም እሱ ነው።

ትዳርሽን ይባርክልሽ፥ በልጅ ያድምቅልሽ። እባክሽ አንድ ጊዜ ደግመሽ ጥሪኝ።

ሰኞ ጠዋት። የነሐሴን ዕረፍት ሱፐርቫይዘሬን አስፈቀድኩ። ከዚያ ሱቅ ገብቼ ሻንጣ ገዛሁ። ይህን የምጨምርልሽ ፖስታ ቤት ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው፤ ባዶውን ሻንጣ እየጎተትኩ።

እናትሽ