በረዶም ውሃ ነው፦ የመምህር ሰይፈ ሚካኤል ገብረወልድ ሕይወት

መምህር ሰይፈ ሚካኤል ገብረወልድ ከአባታቸው ከአቶ ገብረወልድ ተክለሃና እና ከእናታቸው ከወይዘሮ የኔነሽ ኪዳነ ምሕረት በመጋቢት ወር 1948 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ ከዚራ ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው በምድር ባቡር ወርክሾፕ የቦይለርና የቧንቧ ሠራተኛ ነበሩ። የድሬዳዋ ውሃ ቧንቧ ውስጥ የሚጋግረውን ነጭ ቅርፊት በመዶሻ ሲያራግፉ ይውሉና አንዱን ስባሪ በኪሳቸው ይዘው ይገባሉ። ሕፃኑ ሰይፈ ሚካኤል ከረሜላ መስሏቸው ላሱት። እናታቸው ሲያወሩ፣ የልጃቸው የመጀመሪያ የኬሚስትሪ ሙከራ ይኸው ነበር፤ ውጤቱም ለቅሶ ሆነ።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚሁ ከተማ አጠናቀው፣ በ1972 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። ተማሪ ሳሉ ለዕረፍት ሲመጡ እናታቸው ሳሙናው አረፋ አልሰጥ ብሏቸው ባለሱቁን ሲራገሙ አገኟቸው። «እማዬ፣ ጥፋቱ የሳሙናው አይደለም። ውሃችን ካልሲየም ተሸክሞ ነው የሚመጣው» ቢሏቸው፣ «ታዲያ እንደተሸከመ ይመለስልኛ!» አሉ ይባላል።

በመምህርነት ሥራ መጀመሪያ ከድሬዳዋ አጠገብ ባለችው መልካ ጀብዱ፣ ቀጥሎም እስከ ጡረታቸው ድረስ በድሬዳዋ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አገልግለዋል። ዛሬ ከዚህ አስከሬን ፊት ከቆማችሁት ብዙዎቻችሁ በእጃቸው አልፋችኋል። ኦክስጅን ስስታም እንደሆነ፣ የጋራውን ኤሌክትሮን ወደ ራሱ እንደሚጎትት፣ በዚህም ምክንያት የውሃ ሞለኪውሎች አንዱ የሌላውን እጅ ይዘው እንደሚኖሩ የነገሯችሁ እሳቸው ናቸው። ውሃ ጨውን አሟሙቶ በደም ሥር ባያጓጉዝ፣ ሙቀትን ችሎ ባይዝ፣ ላብ ሆኖ ባይተን ኖሮ በድሬዳዋ ግንቦት ማናችንም ቆመን አንሄድም ነበር ይሉ ነበር። ከሁሉ የሚወዱት ግን የበረዶን ትምህርት ነው። ውሃ በረዶ ሆኖ ሲረጋ ሞለኪውሎቹ ተራርቀው ስለሚያያዙ በረዶ ከውሃ ቀሎ ይንሳፈፋል፤ ሐይቅ ከላይ ሲረጋ ዓሣው ከታች በሕይወት ይተርፋል። በ1976 ዓ.ም. ከወይዘሮ አለምብርሃን ወልደማርያም ጋር ጋብቻ ሲፈጽሙ እንኳ፣ ይህንኑ በብርጭቆ እያሳዩ ለሚዜያቸው ሲያስረዱ ሙሽራዋ ብቻዋን ተቀምጣ ቀርታለች።

ወይዘሮ አለምብርሃን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። ኑሀሚንና ግሩም የተባሉ ሁለት ልጆች አፍርተው፣ ገንደ ቆሬ ሰፈር ከወይዘሮ ቱሪያ ዐብዲቃድር ጋር በአንድ ግድግዳ ተጎራብተው ኖሩ። ወይዘሮ ቱሪያ ውሃ በፌስታል አስረው በረዶ እያደረጉ ቀፊራ ገበያ ይሸጣሉ። ሁለቱ ሴቶች በግድግዳው እየተጠራሩ ሳይጫወቱ የዋሉበት ቀን የለም።

በ2003 ዓ.ም. የወይዘሮ አለምብርሃን ኩላሊት ደከመ። ኩላሊት ያላወጣው ውሃ ወደ ሳንባ ስለሚወጣ፣ ሐኪሙ የሚጠጡት ውሃ በልክ እንዲሆን አዘዘ። ዕድሜያቸውን በሙሉ «ውሃ ጠጡ» ሲሉ የኖሩት መምህር ውሃ ከልካይ ሆኑ። ከትምህርት ቤት ባመጡት ቢከር፣ በላቦራቶሪው መለኪያ ብርጭቆ፣ ይለኩ ጀመር። ሐኪሙ አንድ ነገር ጨምሮ ነበር፤ ጥሙ ሲጠናባቸው ትንሽ በረዶ ይምጠጡ ብሎ ነበር። መምህሩ ይህን ለማንም አልተናገሩም። «በረዶም ውሃ ነው» አሉ ለራሳቸው፤ ሞለኪውሉ አንድ ነው። ሚስታቸውን ለማትረፍ እንጂ ለመበደል እንዳላሰቡ ነገሩን ኋላ የሰማን ሁሉ እንመሰክራለን። እሳቸው ግን ለራሳቸው ይህን ምስክርነት ሰጥተው አያውቁም።

አንድ ቀን ከሰዓት ትምህርት ቀደም ብሎ ተለቅቆ ቤት ሲገቡ፣ ወይዘሮ ቱሪያ አልጋው አጠገብ ተቀምጠዋል፤ የሚስታቸው ጉንጭ አብጧል። መምህሩ መዳፋቸውን ከሚስታቸው አገጭ ሥር ዘርግተው «ትፊው» አሉ። ወይዘሮ አለምብርሃን ቀና ብለው አይተዋቸው ተፉት። መምህሩም በረዶውን አጠገባቸው ካለው ብርጭቆ ውስጥ ጣሉት። ተንሳፈፈ። ሦስቱም እሱኑ ተመለከቱ።

በዚያው ሳምንት ወይዘሮ አለምብርሃን አረፉ። ሐኪሙ መምህሩን ወደ ጎን ወስዶ የደከመው የሚስታቸው ልብ እንደሆነ፣ የትኛውም ጠብታ ይህን እንደማያመጣ፣ እንደማያስቀርም ነገራቸው። በጆሯቸው ብቻ ሰሙት።

ከዚያ ወዲህ መምህር ሰይፈ ሚካኤል የበረዶን ትምህርት ቤታችሁ አንብቡት እያሉ ያልፉት ነበር። በረዶ ቤታቸው አልገባም። ደጃፋቸው ላይ ግን ጋን አስቀምጠው፣ ከሸክላው የሚተነው ላብ በሚያቀዘቅዘው ውሃ አላፊ አግዳሚውን ያጠጡ ነበር። የባጃጅ ሹፌሩም፣ ተሸካሚውም ጠጥቶ ይመርቃቸዋል፤ ሙስሊሞቹ ሰቢል ይሉታል፣ ለሙታን ነፍስ የሚሰጥ ውሃ ማለት ነው። ሲመረቁ አንገታቸውን ይደፉ ነበር። ሰፈሩ ትሕትና ነው አለ። እሳቸው ግን ጎንበስ ብሎ በሚጠጣው ሁሉ ውስጥ አንዲት ሴት ብቻ ነበር የሚያዩት፤ እሷም ስትጠጣ አይደለም።

ከወይዘሮ ቱሪያ ጋርም ሰላምታ ቀረ። እሳቸው ሲወጡ ወይዘሮዋ መንገድ ያቋርጣሉ፤ ወይዘሮዋ ሲመጡ እሳቸው ጋኑን የሚሞሉ መስለው ጀርባቸውን ይሰጣሉ። ሰፈሩ የግድግዳ ወሰን ጠብ ነው ብሎ ሽማግሌ እስከመላክ ደርሶ ነበር።

በ2008 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። በ2016 ዓ.ም. የእሳቸውም ኩላሊት ደከመ፤ ያው ትእዛዝ፣ ያው ቢከር። አሁን የምትለካው ልጃቸው ኑሀሚን ነበረች። ሐኪሙ በረዶ ፈቅዷል ብትላቸው ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ ሳለ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ስትለምናቸው «እናትሽ የተከለከለችውን እኔ አልቀምስም» አሉ። ልጅቷ በእጇ የያዘችው በረዶ ቀልጦ በጣቶቿ መሃል ሲወርድ ተመልክታ ወጣች፤ ሄዳም የጎረቤት በር አንኳኳች።

ወይዘሮ ቱሪያ ፌስታላቸውን ይዘው ገቡ።

«አፍህን ክፈት አቦ!»

«አይሆንም። እሷ አጥታው ሞታለች።»

«ማን አጣች አለህ?» ወይዘሮ ቱሪያ አልጋው ጫፍ ተቀመጡ። «አንተ ከበር ስትወጣ ግድግዳውን ትመታለች። ‹ቱሪያ፣ ኬሚስትሪው ወጥቷል፣ ነይ!› ትለኛለች። ከታመመች ጀምሮ በረዶ ሳላጎርሳት የዋልኩበት ቀን የለም። አንተ የደረስክብን በመጨረሻው ነው።»

መምህሩ ዞር ብለው አዩዋቸው። የወይዘሮዋ ድምፅ ግን ወርዶ ነበር።

«ዋላሂ ከዚያ ወዲህ ቀና ብዬ ላይህ አፈርኩ። አንተ የተማርክ ነህ፣ ንገረኝ። በበረዶዬ የገደልኳት እኔ ነኝ?»

መምህር ሰይፈ ሚካኤል በሕይወታቸው እንዲህ ያለ ከባድ ጥያቄ ቀርቦላቸው አያውቅም። በረዶም ውሃ ነው ብለው እንደጸኑ ቢቀሩ፣ እኚህን ሴት በነፍስ መያዛቸው ነው። በረዶው አልጎዳትም ቢሉ ደግሞ፣ ከሚስታቸው አፍ ያስወጡት በከንቱ ነበር ማለት ነው።

«አይደለሽም» አሉ። «ልቧ ነው የደከመው። ሐኪሙ ያኔውኑ ነግሮኛል።» በጆሯቸው የሰሙትን ገና አሁን ከአፋቸው ሲወጣ አመኑት። «በረዶም ውሃ ነው፤ ግን ቀስ ብሎ ስለሚቀልጥ፣ ትንሿ ለረጅም ጊዜ አፍ ታርሳለች። ሐኪሙ ፈቅዶም ነበር። አንቺ ልክ ነበርሽ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«እሱን እዚያ ስትደርስ ለእሷ ንገራት። እኔ ምን ላድርግልህ? አሁን አፍህን ክፈት።»

ከፈቱ። በረዶው በጉንጫቸው ውስጥ ሳለ እንባቸው እየወረደ፣ ለምን እንደሚንሳፈፍ ለኑሀሚን ማስረዳት ጀመሩ። ወይዘሮ ቱሪያ «ዝም ብለህ ምጠጥ ወዲያ!» አሏቸው።

ወይዘሮዋ ከዚያ በኋላ በየቀኑ ይመጡ ነበር፤ ግድግዳውን የሚመቱት ግን በዚህኛው ዙር መምህሩ ነበሩ።

መምህር ሰይፈ ሚካኤል ገብረወልድ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ግንቦት 21 ቀን 2017 ዓ.ም. በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ልጆቻቸው ኑሀሚንና ግሩም፣ የልጅ ልጃቸው ስምረት፣ እጅግ ብዙ ተማሪዎቻቸው፣ እንዲሁም በቤተሰቡ ፈቃድ ስማቸው እዚህ የተጻፈው ጎረቤታቸው ወይዘሮ ቱሪያ ዐብዲቃድር በሐዘን ቀርተዋል።

ጋኑ ዛሬም ደጃፋቸው ላይ ነው፤ ከእንግዲህ የሚሞሉት ወይዘሮ ቱሪያ ናቸው። ከቀብር መልስ እጃችሁን ስትታጠቡ ሳሙናው አረፋ አልሰጥ ቢላችሁ ጥፋቱ የማን እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። ታጥባችሁ ስታበቁ ከጋኑ ጠጡላቸው።

የፈጠራቸው አምላክ ነፍሳቸውን ጥም ከማይደርስበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ እዚያ ለሚጠብቋቸው ለወይዘሮ አለምብርሃንም የሚነግሯቸው አላቸውና፣ ቅድሚያ ለእሱ ጊዜ ይስጣቸው። አሜን።