የዲንቄ ዳቦ ቆሎና የአካሉ ስድብ

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለአካሉ፣ ሐረር ከጦሩ ጋር ላለኸው። እንደምን ሰነበትህ? አገሩ ተስማማህ ወይ? ጉልበትህስ፣ ሆድህስ፣ በቅሎህስ እንዴት ናቸው? የምላስህን ጤና ግን አልጠይቅም፤ ከሚገባው በላይ ደህና መሆኑን በደብዳቤህ አይቻለሁ። እኔ አጎትህ የእንጦጦ ብርድ አጥንቴን እየቆረጠመው በሕይወት አለሁ። ቤቴ ግን ደህና አይደለም፤ ለዚህም ያበቃኸው አንተ ነህ።

ደብዳቤህ የመጣ ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ ወሬህን ሊሰማ ተሰበሰበ። ፊደልን ያለ መምህር፣ በራሴ ብልሃት እንደ ለመድሁ ታውቃለህ። ሳነብ ዓይኔ ፊደሉን ይለቅማል፤ ጆሮዬ ነገሩን የሚሰማው ግን ዘግይቶ ነው። እናም ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «የአክስቴ የዲንቄ ዳቦ ቆሎ ከጥይት ይጠነክራል፤ ጓዴ ነገሳ ቢነክሰው ጥርሱ ወለቀ፤ ጦሩ ሁሉ ሳቀ» ብዬ አነበብሁ። ጎረቤታችን ጂቱ «እሰይ! እስቲ ድገመው» አለችኝ። እኔ ሞኙ ንባቤን የወደደችልኝ መስሎኝ ከበፊቱ አስረዝሜ ደገምሁት። ቀና ስል ሚስቴ ዲንቄ ነጠላዋን ተከናንባ ስትወጣ አየሁ።

አንተ ባለጌ! ያንን ዳቦ ቆሎ ያደረቀችው መንገድ ላይ እንዳይሻግትብህ ብላ ነው። ሁለት ቀን ስታሽ ውላ እጇ አብጦ ነበር። አሁን «ዐቢይ ጾም ሳይገባ ይቅርታ ካልጠየቀኝ፣ የካ ካለው ከወንድሜ ከቀጀላ ቤት እወርዳለሁ፤ ስንቁንም አንተው ጋግርለት» ብላ ዘጠኝ ቀን ዘጋችኝ።

ጋገርሁልህ። ወንድ ጓዳ ገብቶ ሲያቦካ ለማየት ጂቱ ሰፈሩን ጠርታ አጥር ላይ ደረደረችብኝ። «ዓምደ ሚካኤል፣ ቀሚስ እናውስህ?» ትለኛለች። የስንዴ ዱቄት በቅቤና በማር ለወስሁ፤ ኑግ ቆልቼ፣ ወቅጬ፣ በማር አሽቼ፣ ጥቁር ጥቁሩን ቆራርጬ ሊጡ ውስጥ በተንሁት። የመጀመሪያው እንደ እበት ተንሰራፍቶ ከሰለ። ሁለተኛውን ሊጥ ደጅ ብርድ ላይ አሳደርሁትና፣ ድቡልቡል አድርጌ፣ ሳልዳምጠው እንደ ወፈረ ምጣድ ላይ ጣድሁት። ጠርዙ ጠና፤ ሁሉም እስኪደርቅ ልጠብቅ ስል ከኋላዬ «አውጣው! መሐሉ ሳይደርቅ አውጣው!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ዲንቄ ነበረች። ለእኔ ትናገር ለሊጡ እስካሁን አላወቅሁም፤ ወዲያው ፊቷን አዙራ ወጣች። እንዳለችው ባወጣው ወፍራም፣ ለስላሳ፣ ሲያኝኩት የሚለጠጥ ሆነ። ቅቤ አለበትና የገና ጾም ሳይፈታ እንዳትነካው፤ አጠገብህ አስቀምጠህ እየሸተተህ ተቃጠል።

አሁን ስማኝ። ይቅርታህን በትልልቅ ፊደል ጻፍ። እንደ ደረሰኝ ከአጥሩ ኋላ ብቻዬን ሦስት ጊዜ አነበዋለሁ፤ ያንኑ ጎረቤት የምሰበስበው ከዚያ በኋላ ነው። ዲንቄን ያዋረድኋት በራሴ አፍ ነውና፣ የምመልሳትም በራሴ አፍ ይሁን። ሳትጽፍ ከቀረህ ግን፣ እሷ የካ ስትወርድ እኔ ሐረር እመጣለሁ፤ ያኔ ምን እንደሚጠነክር ታያለህ።

ለነገሳ፣ ይህን በድዱም ማኘክ ይችላል በልልኝ። ለበቅሎህ ካንተ አብልጬ ሰላም ብያለሁ። እናትህ ትስምሃለች፤ በጥፊ ከጀመረች በኋላ ነው ታዲያ። ጂቱ ሌላ ደብዳቤ ናፍቋታል። ዲንቄ ሰላም በልልኝ አላለችም። ነገር ግን የስንቁን አቁማዳ እኔ ከቋጠርሁት በኋላ፣ «ይህ ሐረር አይደርስም» ብላ ፈትታ እንደ ገና ያጠበቀችው እሷ ናት። ስትፈታው ቋጠሮዋን አትበጥሰው።

አጎትህ ዓምደ ሚካኤል
እንጦጦ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፰፻፹ ዓ.ም.