የሊማሊሞ አፋፍ ጎሚስታ

ለወንድሜ ለይታያል፣ የጭነት መኪናህን ይዘህ ሊማሊሞን ከወረድክ ጀምሮ እንደምን ሰነበትክ? እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን።

ወንድምዓለም፣ መንገዱ አፋፍ ላይ ጎሚስታ ከፈትኩ። አባባ «ሴት ልጅ ጎማ ስትፈታ የት ታየ?» ብለው አኮረፉ። «ደባርቅ ታየ» አልኳቸው። አንድ ሹፌር ያጠበቅኳቸውን ብሎኖች አላምን ብሎ በራሱ ቁልፍ ታገለ፤ አንዱም ንቅንቅ አላለለትም። «ዳባት ገበያው ይሻልሻል» የሚሉኝንም አልሰማም። ከቆላ የወጣ መኪና ሁሉ እኔ ደጅ ቆሞ ሞተሩን ያበርዳል፤ እኔም መጀመሪያ ታርጋውን፣ ቀጥሎ ጎማውን አያለሁ።

ወደ ታች ለሚወርድ ደንበኛዬ ሁሉ ይህንኑ ደብዳቤ ገልብጬ አስይዘዋለሁ። ይህች አርባ ሦስተኛዋ ናት።

ስትመለስ ሌላ ጎሚስታ ጋ እንዳትቆም። በሰላም ያገናኘን።

እህትህ ስጦታ