ጥር ሠላሳ አንድ

ውድ ስንታየሁ፣

ባለፈው ሐሙስ ሱቄ በር ላይ ቆመህ «ታምራት አለ?» ስትል ድምፅህን ወዲያው አወቅኩት፤ ፊትህን ግን አላወቅኩትም። ጢምህ ሸብቷል፣ ትከሻህ ወርዷል። ስምንት ዓመት ሙሉ ከሱቄ የግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ ታስረህ አንድ ቀን ልጠይቅህ አልመጣሁም። አንተ ግን በአመክሮ በወጣህ በሳምንትህ መጥተህ አቅፈህ ሳምከኝ።

የፈለግከው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ያቺን ካሴት ወደ ሲዲ ገልብጥልኝ። እማዬ ስትንቀሳቀስ የማያት እሷ ላይ ብቻ ነው» አልከኝ። ከዚያ ቀስ ብለህ፣ ምስሉ ጥግ ላይ ያለውን ቀን ማጥፋት ይቻል እንደሆነ ጠየቅከኝ። አይቻልም አልኩህ። አንዴ ከታተመ አይለቅም። 

ከዚያ ስለ እናትህ የነገርከኝን መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ፤ አሁን ብጽፈው የቀረውን አልጨርሰውም። ፊት ለፊት ልነግርህ ሞክሬ ነበር። «ሻይ ልዘዝልህ» ብዬ የወጣሁት ለዚያ ነው፤ ሻይ ቤቱ ጓሮ ቆሜ ቃል ስፈልግ ቆየሁና ሻዩን ብቻ ይዤ ተመለስኩ። ስለዚህ በጽሑፍ ነው። እስከ መጨረሻው አንብበኝ፤ ከዚያ የፈለግከውን አድርገኝ።

ካሜራውን የሸጠልኝ ሐሚድ ነው፤ ያ አጣዬ ሱቅ የነበረው፣ የጅቡቲ ዕቃ የሚያመጣው። ያኔ ሸዋ ሮቢት ላይ ቪዲዮ የምንቀርፅ ሁለት ነበርን። የዚያኛው ካሜራ ቀን አያወጣም፣ የእኔ ያወጣል። አንዲት ቁልፍ ስትጫን ቀኑና ሰዓቱ ከምስሉ ጋር ካሴቱ ላይ ይታተማል፤ ከዚያ በኋላ እኔም ሆንኩ ሌላ ሰው አናጠፋውም። ችግሩ የሚያወጣው የፈረንጅ ቀን ነው፤ ሙሽሮች ደግሞ የእኛን ቀን ነው የሚፈልጉት። ሐሚድ «ወላሂ ታምራት፣ እንዳለ ተወው፤ ዕቃው የለመደውን ይቁጠር» ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ የምሰማ! የ1997 እንቁጣጣሽ ጠዋት ዓመቱንም፣ ወሩንም፣ ቀኑንም፣ ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር ሞላሁት። ሱቄ በር ላይም በትልቁ አጻፍኩ፦ «ታምራት ቪዲዮ፦ ቀንዎ አይጠፋም»። አንተ አንብበህ ስትስቅብኝ ትዝ ይለኛል። ቀንቶ ነው ብዬ ተውኩህ።

ያችን ካሴት የቀረፅን ዕለት እናትህን ይዘህ የመጣኸው ፈለቀች ቤሩት ከገባች ሁለት ዓመት ስላለፋትና አንዲት የሰፈራችሁ ልጅ በዚያው ሳምንት ወደ ቤሩት ስለምትበር ነበር። እህትህ ድምፃችሁን ትሰማለች እንጂ መልካችሁን ካየች ቆይታለችና ሰላምታችሁን በካሴት ቀርፃችሁ ልትልኩላት ነው። እትዬ በላይነሽ ከቅዳሴ መልስ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ነበሩ። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡና ቤሩት ሩቅ ነው ብለው ነው መሰለኝ እየጮኹ ጀመሩ። «ፈለቀች፣ ደህና ነሽ? እህል ትበያለሽ?» ይሉና ዝም ይላሉ። ካሜራውን እያዩ ይጠብቃሉ። ያኔ ነው አንተ ከጎናቸው ሆነህ «እማዬ፣ አትመልስልሽም እኮ» ያልካቸው። እሳቸውም ሳይዞሩ «አውቃለሁ፤ ለመመለሻ ጊዜ ልስጣት ብዬ ነው» አሉ። ሦስታችንም ሳቅን። ሳቃችን ካሴቱ ላይ አለ። ሱቁ ውስጥ ከሦስታችን ሌላ ሰው አልነበረም።

በዚያው ሰዓት፣ ረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ግድም፣ የእርሻ ጎረቤትህ ሰይፉ መንደራችሁ ቦይ ዳር ተመትቶ ወድቆ ነበር። የመስኖ ውሃ ተራ የደረሰው ሰው አካፋውን ቦዩ አፍ ላይ ተክሎ እንደሚሄድ፣ አካፋ የቆመበትን ውሃም ሌላ ሰው እንደማይነካ አንተ ታውቃለህ፤ እኔ የከተማው ሰው ካንተ ነው የተማርኩት። ሰይፉ ግን ቦዩን እየሰበረ የሰው ውሃ ወደ ራሱ ማሳ ይመልስ ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት ሽንኩርትህን በጥም ሲያደርቅብህ ሰው ሁሉ እየሰማ «ደግመህ ብትሰብረው በአካፋው ነው የማገኝህ» ብለኸዋል። ያን እሑድ ተራው ያንተ ነበር፤ አካፋህን ተክለህ እናትህን ይዘህ ወደ ከተማ መጣህ። ሰይፉ የተመታው በዚያ አካፋ ነው። ማን እንደመታው እስከ ዛሬ አላውቅም። አፍህና አካፋህ ግን አንተን አሳሰሩህ።

የዋህ ነበርኩና፣ ካሴቱን ወደ ፖሊስ ይዤ የሮጥኩት እኔው ነኝ። ለአንዱም ለሌላውም «ስንታየሁ ነገ ይፈታል፤ ቀኑም ሰዓቱም ታትሞ በእጄ አለ» እያልኩ በከተማው አወራሁ። ካሴቱን ፖሊስ ወሰደው፤ ወደ ቤሩት ሳይሄድ ቀረ። እኔ ቀኑን መለስ ብዬ እንኳ አላየሁም። ምን ያሳየኛል? የቀረፅኩት እኔ ነኛ።

ፍርድ ቤት ቴሌቪዥን ተተክሎ ካሴቱ ሲከፈት አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር፤ ግማሹ ሰርጉን የቀረፅኩለት ሰው ነው። እናትህ «ደህና ነሽ?» ብለው ሲጠብቁ ሰዉ ፈገግ አለ። ከዚያ ዳኛው አቁሙልኝ አሉና ጥጉን አነበቡ። 1997፣ 6፣ 12። ሰዓቱ ልክ፣ ዓመቱ ልክ፣ ወሩ ልክ። ቀኑ የካቲት 12፣ ቅዳሜ። ሰይፉ የሞተው 13፣ እሑድ ነው። እናትህ ከተቀመጡበት «እሑድ ነው፤ ከቅዳሴ መልስ ነው» አሉ። ዐቃቤ ሕጉ፣ ቅዳሜውም የሚካኤል ዕለት ስለነበር ያን ቀንም ቅዳሴ እንደነበረ ተናገረ። ልክ ነው፤ እናትህም ሁለቱንም ቀን ቤተ ክርስቲያን ስመዋል። ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ።

«ምስክር፣ ቀኑ እሑድ ነው ቅዳሜ?»

«እኔ እንኳ እሑድ ይመስለኛል» አልኩ።

«ካሜራህ ቅዳሜ ይላል። ይሳሳታል?»

ስንታየሁ፣ እሑድ መሆኑን አውቃለሁ። እሑድ እሑድ ሱቄን የምከፍተው ከቅዳሴ በኋላ ነው፤ ያን ቀንም ቁልፉን ገና ሳዞር ነው እናንተ የደረሳችሁት። ግን አዳራሹ ሙሉ ደንበኞቼ ነበሩ። እናንተን ከመቅረፄ ከወር በፊት ጥምቀትን ቀርፄ ጥር 11 ብሎ በትክክል አውጥቶ አይቻለሁ። ይህ ዕቃ እንዴት በወሩ ይዋሻል? አፌን ሞልቼ «አይሳሳትም» አልኩ። «እንግዲያው ካንተ ትውስታና ከካሜራው የትኛውን እንመን?» ሲሉኝ «ካሜራውን» አልኩ። አንተ ቀና ብለህ አየኸኝ። ተቆጥተህ አልነበረም፤ ምን እያልኩ እንደሆነ ግራ ገብቶህ ነበር። ግንቦት ላይ አሥራ ሁለት ዓመት ፈረዱብህ።

አሁን ማንም የማያውቀውን ልንገርህ። ሰኔ ገና እንደገባ፣ ይግባኝ የሚባልበት ጊዜ ሳያልፍ፣ ወንድሙ የሚባለው የወፍጮ ቤቱ ባለቤት የልጁን የክርስትና ካሴት ይዞ ሱቄ ገባ። ልጅቷ የተነሳችው የካቲት አንድ፣ በልደታ ዕለት ነው። ወንድሙ እየሳቀ «ታምራት፣ ጥር ሠላሳ አንድ የሚባል ቀን ከየት አመጣህ?» አለኝ። ከፍቼ አየሁት። 1997፣ 5፣ 31።

እሱ ይስቃል፣ እኔ በጣቴ እቆጥራለሁ። ቀኑን እኔ ሞላሁለት እንጂ ወሩን የሚቆጥረው ካሜራው ነው፣ ያውም በፈረንጅ። የእኛ ወር ሁሉ ሠላሳ ነው፤ የእሱ አንዱ ሠላሳ አንድ፣ አንዱ ሠላሳ፣ አንዱ ሃያ ስምንት። አንዴ ወደኋላ፣ አንዴ ወደፊት ሲል ከርሞ ታኅሣሥና ጥር ላይ እንዲያው ገጠመለት፤ ጥምቀት ልክ የሆነው ለዚያ ነው። እኛ የካቲት ስንገባ እሱ ገና አምስተኛውን ወር አልጨረሰም ነበር። የካቲትን ሙሉ አንድ ቀን ወደኋላ ቀርቷል። አሥራ ሁለት ሲል አሥራ ሦስት ነው። ቅዳሜ ሲል እሑድ ነው።

ለወንድሙ «አስተካክልልሃለሁ፣ ተወው» አልኩት። ቀኑ ላይ የአበባ ሥዕል ደርቤ ሌላ ካሴት ገልብጬ ሰጠሁትና ዋናውን ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከትቼ ከሱቁ መጋረጃ ጀርባ ካለው አልጋዬ ሥር አስገባሁት። በማግስቱ አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ሄጄ የሌላ ሰው ጉዳይ አስመስዬ ጠየቅኩ። ምስክር ቃሉን ቢለውጥ ራሱ በሐሰት ምስክርነት ሊገባ ይችላል አለኝ። ፈራሁ። ባለቤቴ እርጉዝ ነበረች። ይህን ምክንያት ለዓመታት ለራሴ ስነግረው ኖሬያለሁ፤ ግን ሙሉው እሱ አይደለም። ከጥቅምት ጀምሮ ያተምኩት የሰው ሰርግ፣ የሰው ተዝካር ግማሹ ቀኑ የተዛባ መሆኑን፣ «ቀንዎ አይጠፋም» ያልኩት ሰውዬ የካቲት መቼ እንደገባ የማያውቅ መሆኑን ከተማው እንዲሰማ አልፈለግኩም። የሚቀጥለው ሳምንት እሄዳለሁ እያልኩ ይግባኙ አለፈ። ካለፈ በኋላ ደግሞ ምን ዋጋ አለው አልኩ። ስሜን አዳንኩ፣ አንተን ሸጥኩ። ሌላ አባባል ፈልጌ አጣሁ።

ክረምት ሲመጣ ማስታወቂያውን በቀለም አስደለዝኩት። ከዚያ ወዲህ በአንድም ካሴት ላይ ቀን አላተምኩም። ሰዉ ለምን ሲለኝ ቁልፉ ተበላሽቷል እላለሁ።

እናትህ በየእሑዱ ስንቅ ይዘው በሱቄ በር ያልፉ ነበር። ከሁሉም የከበደኝ ሰላምታቸው ነው። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ቆም ብለው ስለ ልጄ ጤና ይጠይቁኛል። ካሴቱ ከፍርድ ቤት ሲመለስልኝ እንዳሳያቸው ለመኑኝ። ተቀምጠው አዩት። ሲያልቅ «አንተ ምን ታደርግ ልጄ፣ ዕቃው ነው። እሑድ ነበር ግን» ብለው ስንቃቸውን አንስተው ሄዱ። ቆርቆሮው ያኔ ከእሳቸው አምስት እርምጃ፣ ከመጋረጃው ጀርባ አልጋዬ ሥር ነበር። በ2003 ሲያርፉ ቀብራቸው ላይ ያለ ካሜራ ከኋላ ቆምኩ።

እንግዲህ ሐሙስ የነገርከኝ ይኸው። ሻዩን ሳትነካ፣ መሬት መሬቱን እያየህ፣ እንዲህ አልከኝ፦ «እስር ቤት ውስጥ ስቆይ እኔም ቅዳሜ ይሆን እንዴ ማለት ጀመርኩ። ካሜራ ከሚሳሳት እኛ ብንሳሳት ይሻላል አልኩ። አንድ ቀን ስትመጣ፣ 'ቀኑን ያምታታሽብኝ አንቺ ነሽ፣ በአንቺ ነው የታሰርኩት' አልኳት። ከዚያ በኋላ ስለ ቀኑ አንድ ቃል ሳትናገረኝ ሞተች።»

ስምንቱን ዓመት እኔ እንደወሰድኩብህ አውቅ ነበር። ይህንን ግን አላውቅም ነበር፤ በእናትና በልጅ መካከል እንደገባሁ፣ አንድ እውነት የያዙ አሮጊት እውነታቸውን ውጠው እንዲሞቱ እንዳደረግኩ። ካወቅኩ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለኝም፤ አይገባኝምም።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልህ ሰው አንድ ጥቅል ይሰጥሃል። ሲዲው እናትህ ናቸው። ቀኑን እንደ ወንድሙ ልጅ በአበባ ልሸፍነው እችል ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ከእሱ ጋር ያለው ካሴት የወንድሙ ነው። ማንም ሰው ዘንድ ወስደህ አስከፍተው፤ ጥር ሠላሳ አንድ ይላል። እኔ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ እሆናለሁ። በእጄ ጽፌ የፈረምኩትን ይዣለሁ፤ ካሜራውንም ይዣለሁ። ለባለቤቴ ዛሬ ምሽት ሁሉንም ነገርኳት። አለቀሰች፣ ከዚያ ልብሴን አጠበችልኝ። የሚያስሩኝ ከሆነ እታሰራለሁ። ያንተን ስም ካጠራ ይበቃኛል።

ይቅር በለኝ ለማለት አፌ አይደፍርም፤ ግን ሳልለው ብቀር ደግሞ ሌላ ዝምታ ይሆንብኛል። ይቅር በለኝ። ባትለኝም አልቀየምህም።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። እኔ ጋ ከመምጣትህ በፊት፣ ፍርድ ቤት ከመሄድህም በፊት፣ እናትህ መቃብር ሂድ። ተቀመጥና ንገራቸው። ከዚያ እሳቸው ለፈለቀች እንዳደረጉት፣ ለመመለሻ ጊዜ ስጣቸው።

እሑድ ነበር፣ ስንታየሁ። እትዬ በላይነሽ አልተሳሳቱም።

የበደለህ ጓደኛህ፣
ታምራት

ሸዋ ሮቢት፣ መጋቢት 2 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ዐቢይ ጾም የገባ ዕለት፣ ሰኞ። ቀኑን ሁለት ሰው ጠይቄ ነው የጻፍኩት።