ሾላው ሥር የተቀመጠው ቆርኪ

ለምወድህ ወንድሜ ለላቀው፤

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ማሠልጠኛ ሳለህ የቆሰለው እግርህ ዳነ ወይ? የዚያ አገር ብርድ እንዴት አደረገህ? እኅታችን አስቴር የሠራችልህ ሹራብ አለ ወይስ አለቀ? እኛ ሁላችን ደኅና ነን፤ የጎደልክብን አንተ ብቻ ነህ። ከሄድክ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። በነሐሴ የጻፍካት ደብዳቤ መስከረም መጨረሻ ላይ ደረሰችን። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጽፌልሃለሁ፤ ይህ አራተኛው ነው። መልስ አላየንም። መንገዱ ነው እያልን እንጠብቃለን።

ዘንድሮ ዝናቡ ዘግይቷል። የኩልፎ ወንዝ ቀጥኗል፤ ሰዉ ወደ ሙዝ ማሳው የሚሻገረው ጉልበቱን ሳያርስ ነው። የእናታችን ዓይን ትንሽ ደክሟል እንጂ ሌላ ሕመም የላትም። ላሟ ወልዳለች፤ ጥጃዋ ሴት ናት።

ዛሬ በሰፊው የምጽፍልህ ግን ስለ አንድ ጨዋታ ነው። አትሳቅ። እሑድ ከሰዓት የምንሄድበት እንደሌለ ታውቃለህ፤ ጸሎት ቤቱ እንደታሸገ ነው። አንተ ሳለህ ያን ሰዓት በዳማ እንገፋው ነበር። ዳማ ደግሞ ለብቻ አይሆንም። ስለዚህ ለአንድ ሰው የሚሆን ጨዋታ ሠራሁ።

ቢሮ የቦይና የማሳ ንድፍ ስሥል ስለምውል ሁሉን ነገር ከላይ፣ አሞራ እንደሚያየው አድርጌ መሣል ለምዶብኛል። በአንድ የሙዝ ሣጥን ክዳን ላይ አገራችንን እንዲሁ ሣልኩት። በአንዱ ዳር ነጭ ሣር ሜዳ፣ መካከል ላይ ጫካውና ኩልፎ፣ በሌላው ዳር ሰፈራችን ሲቀላና ቤታችን። የጨዋታው ሰውዬ የለስላሳ ቆርኪ ነው፤ ከሜዳው ተነሥቶ ቤቱ መግባት አለበት። አንድ ጎናቸውን በከሰል ያጠቆርኳቸውን አራት የበቆሎ ፍሬዎች ትወረውራለህ፤ ጥቁር ባሳዩት ልክ ትራመዳለህ። አንድም ጥቁር ካልወጣ ጅብ ወይም አዞ ይመጣብሃል። ጥይትህ አምስት የክብሪት እንጨት ነው። ለመተኮስም ትወረውራለህ፤ ሁለት ጥቁር ካላወጣህ ስተሃል፣ ተበላህ።

ማንንም ሳላማክር ብቻዬን ስለ ሠራሁት ደስ ብሎኝ ነበር። ደስታዬን ጎረቤት አበላሸው። መጀመሪያ የተቀመጠው ሸማኔው ኦይታ ነው፤ በሦስተኛው ውርወራ አዞ በላው። ደግሞ ጀመረ፤ ደግሞ በላው። «አዞህ ቂም ይዞብኛል» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አስቴር በሩን የምትከፍትለት «የአዞ ምሳ መጣ» እያለች ነው። አቶ አስናቀ፣ ከጎንደር ተዛውረው ከእኔ ቢሮ የገቡት ሰው፣ ጥይቱ አነሰ አሉ። «ደግሞስ ይህ ሰው ብቻውን ምን ሊሠራ ወጣ? ጓድ የለውም?» ብለው ሁለተኛ ቆርኪ እንድጨምር ጠየቁኝ። ሁለተኛ ቆርኪ የለኝም አልኳቸው። ቆርኪ ግን በየመንገዱ ወድቋል።

አስቴር አንዲት ጥይት ሳትተኩስ ቤት ገባች። አጨበጨብንላት። የእሷ ፊት ግን አልተፈታም። «ደረስኩ፤ ታዲያ ማን ከፈተልኝ?» አለችኝ። ቤታችንን የሣልኩት ጣራውን ብቻ ነበር፤ ከላይ ሲታይ በር አይታይም። በማግስቱ በቢላ ከጣራው ጎን ትንሽ ጭረት አወጣሁ፤ በር ትሁን ብዬ።

በጥር ደበሌ መጣ፤ አንተ ከሄድክ ወዲህ ከጀርባችን የገባው አናጢ ልጅ። ቀኝ እጁን ጦር ሜዳ ትቶ በኅዳር ተመልሷል። የእሱ ክፍለ ጦር ሌላ ነው፤ ስለ አንተ ብጠይቀው አላውቀውም አለኝ። ፍሬዎቹን በግራ እጁ ወረወረ። አንድ ጊዜ ተጫውቶ ሞተና ክዳኑን ገፋ አደረገው። «ጥሩ ነው። ግን ይህ ሰው ውሃ አይጠማውም» አለኝ። «ከጥይት በፊት የሚያልቀው ውሃ ነው።» እኔ ውሃ በየደጃፉ በሚፈልቅበት አገር ተቀምጬ መጠማት መኖሩን ረስቼው ነበር። አንተም ውሃ ታገኝ እንደሆነ በአንዱም ደብዳቤዬ ጠይቄህ አላውቅም። አሁን እጠይቅሃለሁ። ታገኛለህ ወይ?

ስለዚህ ሕግ ጨመርኩ፤ በየአሥር ውርወራው ሰውዬው ኩልፎ ወርዶ መጠጣት አለበት፣ አለዚያ ይሞታል። ኩልፎ ላይ ደግሞ አዞ አለ። ከዚያ ወዲያ ማንም ቤት አልገባም፤ አስቴርም አልገባችም። ኦይታ «አንተ ሰውዬ፣ ሰው ወደ ቤቱ እንዲገባ አትፈልግም» ብሎኝ ተነሥቶ ሄደ። ቀልዱን ነው። ነገሩ ግን ሳምንቱን ሙሉ ከሐሳቤ አልወጣ አለ።

እናታችን እስከዚያ ድረስ የልጆች ነገር ነው ብላ ቀርባውም አታውቅም ነበር። የዛሬ ሦስት ሳምንት እሑድ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። በጋሞኛ «ቤታችን የቱ ነው?» አለችኝ፤ አሳየኋት። «በሩስ?» ጭረቷን ጣቷን ይዤ አስነካኋት። ከዚያ ፍሬዎቹን አነሣች። ደኅና ሄደች፤ አንድ ጅብ ገደለች፣ ኩልፎ ደርሳም ሰውዬውን አጠጣችው። ወንዙ ዳር አንድ ሾላ ሥያለሁ። ቆርኪውን ሾላው ሥር ስታደርስ ፍሬዎቹን መሬት አስቀመጠች። «ይወርውሩ እንጂ እማማ» አላት ኦይታ። እሷ ወደ እኔ ዞራ «መወርወር ግዴታ ነው?» አለች። አሰብኩ። እንዲህ ያለ ሕግ አልጻፍኩም። ጅቡም አዞውም የሚመጣው ሲወረወር ነው፤ ጥማቱም የሚቆጠረው በውርወራ ነው። ግዴታ አይደለም አልኳት። «እንግዲያው እዚህ ይቀመጥ» ብላ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች።

አቶ አስናቀ ተቆጡ። «ይህማ ጨዋታ አይደለም፤ ሕጉ ይታረም» አሉ። እናታችን ከጓዳ ሆና «ሞተ?» አለቻቸው። «አልሞተም፤ ግን ቤቱም አልገባ» አሏት። «አልሞተም» አለች ደግማ።

ሕጉን ላርም ወረቀት ይዤ ተቀምጬ ነበር። «በየተራው መወርወር ግዴታ ነው» የሚል አንድ መስመር ነው። አልጻፍኩትም። ክዳኑ ይኸው ሦስት ሳምንት መስኮቱ ሥር ነው። እናታችን ጠዋት ቤት ስትጠርግ አቧራውን በቀሚሷ ጫፍ ትጠርግለታለች፤ ቆርኪውን ግን አትነካም፣ ማንንም አታስነካም። ኦይታ እሑድ እሑድ ከበሩ ላይ ቆሞ «ሰውዬው ተነሣ?» ይላል። አልተነሣም እንለዋለን። ካንተ ደብዳቤ የመጣ ቀን ፍሬዎቹን ራሷ እንደምትወረውር ነግራናለች።

በዳማም ስሕተቴን ቀድመህ የምታየው አንተ ነበርክ። ይህን ጨዋታ ሰው ሁሉ አስተያየት ሰጥቶበታል፤ የቀረኝ ያንተ ነው። የት ላይ እንደ ተሳሳትኩ ጻፍልኝ። ረጅም አይሁን። «ጥይቱ አነሰ» ብለህ ብቻ ብትልክ ይበቃናል።

አስቴር ትስምሃለች፤ ሁለተኛ ሹራብ ጀምራለች። ኦይታ «ከአዞ የተረፈው ሰላም ብሎሃል በለው» ብሎኛል። አቶ አስናቀ በርታ ብለውሃል። ደበሌ ባያውቅህም ሰላም ይልሃል፤ ኮዳህን ባገኘህበት ሁሉ ሙላ ብሏል። እናታችን ያስጻፈችኝ አንድ ነገር ነው፦ «መወርወር ግዴታ ካልሆነ አትወርውር፤ ካለህበት ተቀመጥ።»

ግዴታ መሆኑን አልነገርኳትም።

ወንድምህ ገነነ

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
የካቲት 22 ቀን 1979 ዓ.ም.